በስደተኞች ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ልንከፍት ነው፤ ከምን እንጀምር?

ጠያቂ፦ መምህሩ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በስደተኞች ሰፈር ነው። ከመሰደዴ በፊት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ፤ እዚህም ለስደተኛ ሠራተኛ በሚሰጠው የማበረታቻ ክፍያ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንዱን የመማሪያ መጽሐፍ አራት አምስት ልጆች ከበው ያነቡታል። ገጹን ፊት ለፊት የሚያየው አንዱ ብቻ ነው፤ ከጎን ያሉት በአግድም፣ ከባሻገር የተቀመጠው ደግሞ በግልባጭ። በዚህ የተነሣ ገጹ ካልተገለበጠለት በቀር አጥርቶ የማያነብ ተማሪ አለኝ። መጽሐፉን አቅንቼ ስሰጠው መልሶ ያዞረዋል።

ከትምህርት ቤት ውጭ የሚነበብ ነገር የለም። ልጆቹ የሚያነቡት በዘይት ጣሳና በእህል ጆንያ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ነው፤ እሱንም እየተፎካከሩ ነው የሚያነቡት። የማንበብ ፍላጎት እንደሌላቸው የሚነግረኝን ሰው የማላምነው ለዚህ ነው።

ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ጥሩ አድርጎ የሚሥል ወጣት ነው፣ ሌላዋ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ ተረት የምታወራ እናት ናት። ልጆቹ ከማንበብ በተጨማሪ ሥዕል የሚሥሉበት፣ ቲያትር የሚሠሩበት፣ የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉበት ቦታ እንዲሆን እንፈልጋለን። አንድ ድርጅት በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍት ሊልክልን ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ቤቱን አሳዩኝ ይላል። ቤት እንዲሠራልን የጠየቅነው ሌላው ድርጅት ደግሞ መጻሕፍቱ የት አሉ ይላል።

ቤት ይቅደም ወይስ መጽሐፍ? በሰፈሩ ቢያንስ አምስት ቋንቋ ይነገራል፤ በየትኛው እንጀምር? ብናውስ መጽሐፉ ይመለሳል ወይ? ጠባቂውንስ ማን ይክፈለው? ሠርታችሁ ያያችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የንባብ ቤት

ወንድሜ፣ እንኳን አሰብከው። እኔ ለዓመታት በአንድ የስደተኞች ሰፈር የንባብ ቤት መርቻለሁ፤ ስለዚህ ካየሁት ልንገርህ።

ከቤቱም ከመጽሐፉም በፊት ሰዓቱ ይቅደም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ጥላ ሥር የማይታጠፍ የንባብ ጊዜ ይኑራችሁ። ለመጀመር መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራና በእጃችሁ ያሉት ጥቂት መጻሕፍት ይበቃሉ። ያቺ እናት ተረቷን ትቀጥል፣ አንተ ጮክ ብለህ አንብብ፣ ወጣቱ የተነበበውን ከልጆቹ ጋር ይሣል። ይህ ሳይቋረጥ ጥቂት ወራት ከዘለቀ ቤት አሳዩኝ የሚለውንም መጻሕፍቱ የት አሉ የሚለውንም ሰው በዚያ ሰዓት ጋብዘህ የተሰበሰቡትን ልጆች ታሳየዋለህ። በወረቀት ላይ ከምታቀርብለት ማመልከቻ ይልቅ ይህ ያሳምነዋል።

ሰዓቱን ስትመርጡ ውኃ የሚለቀቅበትን ሰዓትና ራሽን የሚታደልበትን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ። ውኃ በሚቀዳበት ሰዓት ከከፈታችሁ የሚመጡላችሁ ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ ሴቶቹ ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው ወረፋ ላይ ናቸው። ታናናሾቻቸውን አዝለው የሚመጡትንም አትመልሱ። ሕፃኑ የሚቀመጥበት፣ የሚነካካው ነገር ያለበት ጥግ አዘጋጁ፤ እሱ እዚያ ሲጫወት እህቱ ታነባለች። ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ሕግ በደጃፍ የለጠፉ የንባብ ቤቶች አይቻለሁ። ያ ሕግ በተግባር ሴት ልጆችን የሚከለክል ነው፤ እባክህ እንዲህ ያለ ነገር አታስገቡ።

ፈቃዱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጽሑፍ ያዙ። የሰፈሩ አስተዳደር፣ የስደተኞች ኮሚቴና በሰፈሩ ትምህርትን የሚመራው ድርጅት ሦስቱም ይወቁ። ጥላ ሥር ተቀምጦ ለማንበብ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራው ሲያድግ ቦታው የማን ነው የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ወረቀት የሌለው ይነሣል። በሰፈሩ ዙሪያ ያሉትን ነባር ነዋሪዎችም አስቡ። የእነሱ ልጆችም መጽሐፍ የላቸውም። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የካሎበየይ ሰፈር ስደተኛውና ነባሩ ነዋሪ ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም አብረው እንዲጠቀሙ ታስቦ የታቀደ ነው። እናንተም በሩን ለሁለቱም ክፈቱ።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የመጻሕፍቱን ዝርዝር ሳታይ እሺ አትበል። ከሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት የተወገዱ፣ ጊዜ ያለፈባቸው የሕግና የሒሳብ መዝገብ መጻሕፍት፣ ግማሽ ገጻቸው በሌላ ልጅ እርሳስ የተሞላ የመልመጃ ደብተሮች በካርቶን ታሽገው ሲመጡ አይቻለሁ። መደርደሪያውን ይሞላሉ፤ ልጁ አንዴ ያገላብጥና ሁለተኛ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አያነቡም ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። የምንፈልገው ይህን ዓይነት መጽሐፍ በዚህ ቋንቋ ለዚህ ዕድሜ ነው ብለህ ላክላቸው። የሚሰጥ ሰው ስለሰጠ ብቻ ሁሉን ተቀበሉ የሚለውን ነገር በፍጹም አልቀበለውም። ስደተኛም የሚመርጥ አንባቢ ነው።

ለመዋስ የምግብ ካርድን በመያዣነት አትውሰዱ፤ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙ። ካርዱ ከእጁ የወጣ ቤተሰብ በዕደላ ቀን ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የልጁን ስም፣ የሚኖርበትን ብሎክና የመጽሐፉን ቁጥር መዝግቡና ስጡት። የሚጠፋ ይኖራል። በየዓመቱ ከመጻሕፍቱ የተወሰነው እንደሚጠፋና እንደሚቀደድ ከወዲሁ በበጀት ያዙት። ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ ተወስኖለት በሌሊት የተነሣ ቤተሰብ ሻንጣው ውስጥ የእናንተን መጽሐፍ ይዞ ቢሄድ ያ መጽሐፍ ጠፋ አይባልም።

ስለ ጠባቂው ግን እጅግ አስብበት። እኔ ካየሁት ሁሉ የንባብ ቤቶችን የሚዘጋው የመጽሐፍ እጥረት አይደለም። ሥራውን የሚያውቀው አንድ ሰው የመልሶ ማስፈር፣ ማለትም ወደ ሌላ አገር ሄዶ የመኖር፣ ዕድል ያገኝና ይሄዳል፤ ቁልፉ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አምስት ስድስት ሰው አሠልጥኑ። ከእነሱ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። መዝገቡን ሁሉም መሙላት ይቻል፣ ቁልፉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን።

መልስ፦ ቀለምና ወረቀት

እህቴ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ሥዕልና ቲያትር ስለማስተምር በዚያ በኩል ልጨምር።

የመጀመሪያውን ስብስብ ልጆቹ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። አራት ነጭ ወረቀት ደራርበህ መሐል ለመሐል እጠፍና በማጠፊያው መስመር ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሳ፤ በመርፌና በወፍራም ክር ስፋው። አሥራ ስድስት ገጽ ያለው መጽሐፍ ሆነ። ለሽፋኑ የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። አንድ ቀን አያት ወይም እናት በቋንቋዋ ታወራለች፤ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ልጅ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ታሪኩ በየገጹ ይከፋፈላል፤ በአንድ ገጽ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ትንንሾቹ ሥዕሉን ይሥላሉ፣ ሥዕሉ ከላይ ጽሑፉ ከታች። መጨረሻ ገጽ ላይ የተናገረችው፣ የጻፈውና የሣሉት ልጆች ስም ይሰፍራል። ያ መጽሐፍ እንደማንኛውም መጽሐፍ ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ይዋሳል። የራሱ ስም ያለበትን መጽሐፍ ሌላ ልጅ ሲያነብ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ልጁን ስለ ስደትህ ሣል፣ ጦርነቱን ሣል አትበሉት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን የሚያስሥሉ ሰዎች አሉ፤ ሥዕሉ በፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ልጁ ግን ያንን ይዞ እያሰበ ያድራል። የፈለገውን ይሣል። ወፍ፣ መኪና፣ ኳስ። ማንም ሳይጠይቀው ያየውን ከሣለ ደግሞ አትከልክሉት፣ ለምን እያላችሁም አትመርምሩት። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ካወራ ስሙት። እንቅልፍ የማይወስደው፣ ዝም ያለ ወይም ሌሎችን የሚመታ ልጅ ስታዩ በሰፈሩ የሕፃናት ጥበቃ ወይም የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። የዚያን ሰው ስምና ቦታ ከመክፈታችሁ በፊት ጽፋችሁ ያዙ።

ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሥነ ምግባር ደንብ ይፈርም። አንድ አዋቂ በተዘጋ ክፍል ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ምንጊዜም ሁለት አዋቂ ይኑር፣ በሩም ክፍት ይሁን። ፎቶ ያለ ወላጅና ያለ ልጁ ፈቃድ አይነሣም። ሸሽተውት የመጡት ሰው አሁንም የሚፈልጋቸው ቤተሰቦች አሉና የልጁ ፊትና የሰፈሩ ስም አንድ ላይ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ አደጋ አለው።

ጨዋታና ጥበብ ትርፍ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ሆድ ይሙላ የሚል ሰው ስታገኙ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 አሳዩት። የማረፍ፣ የመጫወት፣ በባህልና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እዚያ በግልጽ ሰፍሯል፤ ስደተኛ ያልሆነ ልጅ ብቻ የሚል ቃል የለበትም።

መልስ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ

ባጭሩ ስለ ዲጂታሉ። ኢንተርኔት ከሌላችሁ አትጨነቁ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ትምህርቶችን አንዴ ጭናችሁበት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዳለ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሁለቱንም ራስበሪ ፓይ በምትባል የእጅ መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በአቅራቢያ ላሉ ስልኮች በዋይፋይ ማዳረስ ይቻላል። ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ ታነሣዋለች።

ለታተመ ነገር አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለውን ድረ ገጽ ተመልከቱ። አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮች አሉበት። ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ አውርዶ ማተም ብቻ ሳይሆን ወደ ራሳችሁ ቋንቋ ተርጉሞ እንደገና ማውጣትም ይፈቀዳል። በአምስት ቋንቋ ለሚቸገር ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱን ታሪክ፣ ሥዕሉ ያው ሆኖ፣ በአምስቱም ታስቀምጡታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ቤተ መጻሕፍት ያለ ድንበር የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት አይዲያስ ቦክስ የተባለውን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በቡሩንዲ ለሚኖሩ የኮንጎ ስደተኞች አቅርቦ ነበር። ንድፉ የፊሊፕ ስታርክ ነው። ሣጥኖቹ ራሳቸው ተከፍተው ጠረጴዛና መደርደሪያ ይሆናሉ፤ መጽሐፉም ታብሌቱም ካሜራውም የቲያትር ዕቃውም እዚያው ውስጥ ነው። እናንተ ያን ያህል ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ሐሳቡን ግን ውሰዱ፤ የሚቆለፍ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሲከፈት ቦታውን ራሱ የሚፈጥር ሣጥን ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ አናጢ ሊሠራው ይችላል። ዝናብ ሲመጣ ዘግታችሁ ትነሣላችሁ።

ባትሪ ስታስገቡ አንድ ምክር፦ ስልክ ቻርጅ የማድረጉን ነገር ከመጀመሪያው ቀን በሕግ አስሩት። ካልሆነ ቤቱ በአዋቂዎች ስልክ ይሞላል፤ ልጆቹ ውጭ ይቀራሉ፣ ባትሪውም ማታ ለመብራት አይተርፍም።

ጠያቂ፦ መምህሩ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለኮሚቴው ሐሳቡን አቅርበናል፣ አልተቃወሙም። ውኃ የሚለቀቀው ጠዋት ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት አድርገነዋል። ነገር ግን ከኮሚቴው አንዱ አባል፣ ቋንቋውን በተመለከተ፣ ልጆቹ የሚፈተኑበትን ቋንቋ ብቻ አስተምሩ፣ የቤቱን ቋንቋ ቤታቸው ይማሩታል አለን። ሌላው ደግሞ ከየቤተሰቡ ትንሽ መዋጮ እየሰበሰባችሁ ጠባቂውን ክፈሉት አለ። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ የንባብ ቤት

ሁለቱም ልጆቹን አስበው ነው የተናገሩት፤ አክብረህ መልስላቸው።

ስለ ቋንቋው፦ ፈተናው የሚሰጥበት ቋንቋ ይኑር፣ አይቀርም። ማንበብ የሚጀመረው ግን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ነው። አንተ ራስህ መምህር ነህ፤ ፊደሉን እየጠራ ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ስንት ታያለህ? የሚያውቀውን ታሪክ በሚያውቀው ቋንቋ አንዴ ካነበበ ያንኑ መጽሐፍ በፈተናው ቋንቋ አጠገቡ ስታስቀምጥለት ራሱ እያመሳከረ ይሄዳል። ቀደም ሲል እንደተባለው አንዱን ታሪክ በሁለት በሦስት ቋንቋ አስቀምጡ። በቁጥር አነስተኛ የሆነውን ማኅበረሰብ ቋንቋ አትርሱ፤ ለእሱ የታተመ ነገር ካላገኛችሁ በክር የተሰፋው መጽሐፍ ከእነሱ ይጀምር። ሌላው ጥቅሙ ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ለቤቱ ባለቤት መሆናቸው ነው። ማንበብ የማትችል አያት ታሪኳ ተጽፎ ስትሰማ ነገ የልጅ ልጇን እጁን ይዛ ታመጣዋለች።

ስለ መዋጮው ግን አይሆንም በሉ። ትንሽ የሚባለው ገንዘብ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚቀሩት ደግሞ እናንተ በጣም የምትፈልጓቸው ልጆች ናቸው። ዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት፣ በ2022 ደግሞ ያደሱት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አገልግሎቱ በመርሕ ደረጃ በነጻ እንዲሆን፣ በዜግነትም በቋንቋም ሰው እንዳይለይ ይላል። ይህን ለኮሚቴው አንብብላቸው።

ክፍያውን ለማግኘት የተሻለው መንገድ በሰፈሩ ትምህርትን ከሚመራው ድርጅት ጋር ተነጋግሮ ሁለት የንባብ ቤት ሠራተኞች በማበረታቻ ክፍያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ነው። ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው በፈቃደኝነት የምትሠሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በሳምንት ከአንድ ከሰዓት በላይ አትጠይቁ፤ በነጻ የሚሠራን ስደተኛ እስኪደክም ማሠራት ፍትሕ አይደለም። ድርጅቶች ስደተኛውን አማክረው ከሚሠሩት ይልቅ ስደተኛው ራሱ ጀምሮት እነሱ የሚደግፉት ሥራ ዕድሜ ሲኖረው አይቻለሁ። በዩጋንዳ ኪያንጓሊ ሰፈር ኮቡርዋስ የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት እዚያው ያደጉ ስደተኛ ወጣቶች ናቸው፤ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባትም ማስተማርም የጀመሩት በራሳቸው ጉልበት ነው።

መልስ፦ ቀለምና ወረቀት

መምህር፣ በአማርኛ ስለምንነጋገር ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ራሱ በደርግ ዘመን ተሰዶ በሱዳን በኩል አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ በዚያ ቤተ መጻሕፍት በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አለመኖሩን አየ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ በራሱ መኖሪያ ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ቤት የለንም ለሚል ሁሉ ይህን እነግራለሁ።

መልስ፦ የንባብ ቤት

መደርደሪያ ስታሠሩ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ ምስጥ በጭቃው ግድግዳ በኩል ነው የሚመጣው። እግሮቹን በየጣሳው አቁሙና ጣሳው ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ትንንሽ ልጆች እንዳይነኩት ግን በጣውላ ከልሉት። የታችኛው ረድፍ ከመሬት ከፍ ይበል። ሽፋኖቹን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ፕላስቲክ አልብሱ፣ ከዝናብና ከአቧራ ይጠብቃቸዋል።

ቁጥር አሰጣጡን አታወሳስቡ። በደረጃ ለዩና በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ቀለም ለጥፉ፦ ሥዕል ብቻ ያለው ቢጫ፣ ጥቂት ቃል ያለው አረንጓዴ፣ ረዘም ያለው ሰማያዊ። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ ቀለሙን አይቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ያ ገልብጦ የሚያነበው ተማሪህ በመጀመሪያው ቀን ይምጣ። ብቻውን የሚይዘው መጽሐፍ ስጠው፤ ሌላ ሰው አይካፈለው። ሲያዞረው ዝም በለው፣ እንዳሻው ያንብብ። አንድ መጽሐፍ ለብቻው ይዞ ከሰነበተ ቀስ እያለ ራሱ ያቃናዋል።